የጥዑመ ልሳን ክምችት

ያን ክረምት የማስታውሰው በጣና ጠረን ነው። ሐይቁ ሞልቶ ነበር፤ ጠዋት በሬን ስከፍት የደፈረሰ ውሃና የበሰበሰ ደንገል ሽታ ባሕር ዳር፣ ፔዳ ሰፈር ድረስ መጥቶ ደጄ ላይ ይቆየኛል። ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው ይውላል። ኢንተርኔት የተዘጋበት ክረምት ነው። ተማሪዎቹ ስልካቸውን እንደ መስታወት ይዘው ይዞራሉ፤ ስልኩም እንደ መስታወት የገዛ ፊታቸውን እንጂ ሌላ አያሳያቸውም። ሰው ሁሉ አንድ ነገር ረስቶ ከቤቱ የወጣ፣ ምን እንደረሳ ግን የጠፋው ይመስል ነበር። እኔ ኢንተርኔት ኖረ አልኖረ ጉዳዬ አይደለም፤ ነገር ግን የሰው መቅበዝበዝ ይጋባል፤ እኔም ያን ክረምት ልቤ አልረጋ ብሎኝ አለፈ።

ጥዑመ ልሳን ትልቅ ሰው የሆነው በዚያ ክረምት ነው። የተዋረደውም ያኔ በሠራው ሥራ ነው፤ ውርደቱ ብቻ ዘግይቶ መጣ።

የመንገድ ዳሯን ክፍሌን ተከራይቶ ኮምፒዩተር ይጠግን ነበር። የዘጌ ሰው ነው፤ እኔም የዘጌ ነኝ። አባቱን መሪጌታ ወልደ ገብርኤልን ከልጅነቴ አውቃቸዋለሁ፤ ድጓ የሚያስተምሩ፣ ድምፃቸው መልካም፣ አንገታቸው የማይታጠፍ ሰው ናቸው። ልጃቸውን ጥዑመ ልሳን ያሉት ወንበራቸውን ይወርሳል ብለው ነው። እሱ ድጓውን መንገድ ላይ ጥሎ ዩኒቨርሲቲ ገባ። ዩኒቨርሲቲውንም ይጨርስ አይጨርስ እስከ ዛሬ አላወቅሁም፤ ስጠይቀው «እማማ ውዴ፣ ዋናው ሙያ ነው፣ ወረቀት ምን ያደርጋል?» ይለኛል። ወረቀት የሌለው ሰው ሁሉ እንዲህ ነው የሚል።

አባቱ ቁርጡን ነግረውታል፤ «በወር በወር የሚከፈልህ ቋሚ ሥራ ስትይዝ ና። እስከዚያ ዘጌን እንዳትረግጥ።» ዘጌ በጀልባ አንድ ሰዓት ያህል ናት። ያችን አንድ ሰዓት ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ሳይሻገራት ኖረ። እናቱ ለገበያ በሚሻገሩ ሰዎች እጅ ሎሚ ትልክለታለች። እሱም አይበላው፣ ለሰው አይሰጠው፤ ደርቆ እንደ ጠጠር እስኪሆን ጠረጴዛው ላይ ይደረድረዋል። መጣል የሚባል ነገር አይሆንለትም። ፊደሉ የረገፈ ኪቦርድ፣ ጭራው የተቆረጠ ማውዝ፣ ዓይኑ የፈሰሰ ስክሪን፣ ምን ያልከመረው አለ። ክፍሌን የኮምፒዩተር መካነ መቃብር አደረጋት። «ምን ይሠራልሃል?» ስለው «አንድ ቀን ይፈለጋል» ይለኛል። አንድም ቀን ሲፈለግ አላየሁም።

ነገሩ እንዲገባ ትንሽ ላብራራ። እኔም ያወቅሁት ዘግይቼ፣ የጓሮዋን ክፍል ከተከራየችው ከሰብለ ወንጌል ነው፤ የእንጅባራ ልጅ ናት፣ ኮምፒዩተር የምትማር። ኮምፒዩተር ውስጥ ፓኬጅ ማናጀር የሚሉት አለ። እኔ መጋቢ ብዬዋለሁ፤ ሥራው የገዳም መጋቢ ሥራ ነውና። አንድ ፕሮግራም ጫን ሲሉት፣ ለዚያ የሚያስፈልገውን ኮተት ሁሉ ዘርዝሮ፣ በኢንተርኔት ከየአገሩ አምጥቶ፣ በየቦታው ያስቀምጣል። አንዴ ያመጣውን ደግሞ ለሌላ ጊዜ ብሎ ዕቃ ቤት ይከተዋል። ያን ዕቃ ቤት ፔዳ ላይ ክምችት ይሉታል። በሁለተኛው ጊዜ መጋቢው ወደ ውጭ አይወጣም፤ ከክምችቱ አንሥቶ ይሰጣል። ሲሰጥ ግን ነቀዝ ይግባበት አይግባበት አያይም።

እንግዲህ ኢንተርኔት ሲዘጋ መጋቢው የሚወጣበት በር ተዘጋ። ክምችት ያለው ሰው ባለጸጋ ሆነ። ጌትነት የሚባል የአውቶቡስ ሹፌር ነበር፣ የጥዑመ ልሳን ወዳጅ። እሱ ከአዲስ አበባ አንድ ሃርድ ዲስክ ይዞ መጣ፤ ውስጡ ተማሪ የሚፈልገው የፕሮግራም ክምችት ሁሉ አለ። ዲስኩ የሌላ ሰው ነው፤ ጎንደር የሚቀበለው አለ። ጌትነት ባሕር ዳር የሚቆየው ተሳፋሪው ምሳ እስኪበላ ብቻ ነው። በዚያች ጊዜ ውስጥ ጥዑመ ልሳን ሁሉን ወደ ራሱ ዲስክ መገልበጥ ነበረበት። ነሐሴ ነው፣ ቅዳሜ ቀን። እኔ ደጃፉ ላይ ምስር እለቅማለሁ።

ግልባጩ ከግማሽ አልፎ መብራት ድርግም አለ።

ጥዑመ ልሳን ጭንቅላቱን ይዞ ቁጭ። ጌትነት መንገድ ዳር ቆሞ ሰዓቱን ያያል። ደግነቱ መብራቱ ጠፍቶ ብዙ አልቆየም፤ ተመለሰ፣ ግልባጩም እንደገና ተጀመረ። ኮምፒዩተሩ ግን አንድ ነገር ጠየቀ፤ ጥዑመ ልሳን ጮክ ብሎ አነበበው። አንዳንዱ ፋይል አስቀድሞ አለ፤ ልተካው ወይስ ልለፈው?

«ተካው» አልሁት ከደጅ ሆኜ።

ዞር ብሎ አየኝ። «እማማ ውዴ፣ ያለውን መተካት ምን የሚሉት ሥራ ነው?»

«መብራቱ ሲጠፋ እጅህ ላይ የነበረውስ?»

«እሱም አለ፣ ስሙ ይኸው።»

«ስሙማ አለ። እሱ ሙሉ መሆኑን በምን አወቅህ?»

ጌትነት ክላክሱን ነፋ። «ጥዑሜ፣ አውቶቡሱ በአንተ ክምችት አይነዳም፣ ቶሎ በል» አለ።

«እርስዎ ምስርዎን ይልቀሙ፣ እኔም የኔን ልሥራ» አለኝና እለፈው የሚለውን ተጫነ።

አባቴ ቁም ጸሐፊ ነበሩ። ብራና ላይ ሲጽፉ እንግዳ ከመጣ ወይም ዝናብ ከጣለ፣ ተመልሰው ሲቀመጡ ካቆሙበት ቃል አይጀምሩም፤ ወደ መስመሩ ራስ ይመለሳሉ። ጨርሰውም አይበቃቸው። እኔን አጠገባቸው አስቀምጠው ዋናውን ያስነብቡኛል፣ እሳቸው ግልባጩን በጣታቸው ይከተላሉ። ፊደል ያስቆጠሩኝም ለዚሁ ሥራ ነው እንጂ ለሌላ አይደለም። ስሕተት ሲያገኙ በካራ ይፍቁታል። ሲፍቁ አያፍሩም ነበር። እያንጎራጎሩ ነበር የሚፍቁት። ይህን ለጥዑመ ልሳን ልነግረው አፌን ከፍቼ ነበር፤ «የኔን ልሥራ» ሲለኝ ዘጋሁት። ምስሬን ለቀምሁ። ዛሬ ሳስበው ያኔ ዝም በማለቴ ይቆጨኛል፤ ብናገርም አይሰማኝም ነበር።

በሳምንቱ ደጃፌ ጠበል የፈለቀበት መሰለ። ተማሪው ላፕቶፑን በፌስታል ጠቅልሎ በዝናብ ይሰለፋል። ጥዑመ ልሳን ያችን ዲስክ ከአሮጌ ነጠላዬ ቀዶ ጠቅልሏታል፣ በከረጢት አድርጎ ከራስጌው ሚስማር ላይ ሰቅሏታል። ሲያወርዳት ቀስ ብሎ፣ በሁለት እጁ ነው። ታቦት ያወጣ ይመስል ሰውን ፈቀቅ በሉ ይላል። ሕግም አወጣ፤ ከእሱ በቀር ዲስኳን የሚነካ የለም፣ ከውስጧም አንዲት ነገር አይጠፋም። ከዚያ ወዲህ ጥዑሜ ብሎ የሚጠራው ጠፋ፤ መምህር ሆነ። አንተ ያለውን ተማሪ ወደ ሰልፉ መጨረሻ ሲመልሰው በዓይኔ አይቻለሁ። ድጓ ትቶ የሸሸ ሰው፣ መምህር መባሉን ግን ወደደው።

ችግሩ ቶሎ ታየ። ብዙው ፕሮግራም ይጫናል። አንዱ፣ የስታትስቲክስ ተማሪዎች የሚፈልጉት ትልቁ ፕሮግራም ግን፣ መካከል ላይ ሲደርስ ሜሞሪ አልቋል ብሎ ቀጥ ይላል። ጥዑመ ልሳን አልተደናገጠም። «ማሽንህ ድኩም ነው፤ ሜሞሪ ጨምርበት» ይላል። ለሁሉም ይህንኑ ነው። የሰፈር መርፌ ወጊ ታውቁ እንደሆነ፣ ራስ ምታትም ይሁን ቁርጥማት የሚያውቀው አንዲት መርፌ ናት፤ እንደዚያ።

«መምህር፣ ጨመርሁ እኮ» አለው አንዱ ተመልሶ።

«አሁንም ጨምር።»

«ከዚህ በላይ አይቀበልም።»

«እንግዲያው ማሽኑን ቀይር።»

ልጁ ላፕቶፑን አቅፎ በአጠገቤ ሲያልፍ «ቀጥሎ እናትህን ቀይር ይለኛል» ሲል ሰማሁት። ሳቄ መጣ። አጥፍቶ የሚገሥጽ ሰው ሲያጋጥም ከመሳቅ በቀር ምን ይደረጋል።

ኢንተርኔቱ ተከፈተ። ሰልፉ ቀለጠ። ሌላው ሰው ሁሉ ያን ክረምት የሰበሰበውን ደመሰሰና ኑሮውን ቀጠለ። የጥዑመ ልሳን ዲስክ ግን ከሚስማሯ አልወረደችም። ሰብለ ወንጌል የመጣችው በዚያ ሰሞን ነው። ደፋር ናት፤ መምህር ትለዋለች፣ እርስዎም ትለዋለች፣ ግን አባባሏ ፈገግ ያሰኛል።

«መምህር፣ በሩ ተከፍቶ የለም ወይ? ክምችቱን ያጽዱትና አዲስ ይውረድ።»

«አንቺ ያኔ የት ነበርሽ? ይቺ ባትኖር የዚያ ዓመት ተማሪ አይመረቅም ነበር።»

«እሱማ እውነት ነው» አለች። «እኛ ግን የዘንድሮዎቹ ነን።»

ጀርባውን ሰጥቶ ከደረቁት ሎሚዎች አንዱን ያንከባልል ጀመር።

ከዚያ አንድ ሥራ መጣ። ግሽ አባይ ክፍለ ከተማ ውስጥ ያለ አንድ የግል ኮሌጅ፣ ስሙን መጥራት አያስፈልግም፣ የኮምፒዩተር ክፍል ኃላፊ ይፈልጋል፤ ቋሚ ቅጥር። የኮሌጁ ምክትል ኃላፊ አቶ አምባቸው የሚባሉ ቀጭን ሰው ናቸው፤ ጥዑመ ልሳን በዚያ ክረምት ለእኅታቸው ልጅ ፕሮግራም ጭኖለት ኖሮ ስሙን አልረሱም። ወረቀት አልጠየቁትም። ፈተናው ይህ ነው፤ ከሰኞ እስከ ሐሙስ፣ በሠላሳዎቹ የኮሌጁ ማሽኖች ላይ ያንኑ የስታትስቲክስ ፕሮግራም መጫን። ሐሙስ ኮሚቴ ያያል፣ ከሠራ ይቀጠራል።

በዚያ ዕለት ወደ እኔ ሲመጣ ድምፁ የሕፃን ሆኖ ነበር። «እማማ ውዴ፣ ዋስ ይሆኑኛል? ለቅጥር ዋስ ይጠይቃሉ።»

«እሆናለሁ።»

«ከዚያ እሑድ እሻገራለሁ። በመጀመሪያው ጀልባ።» እጁ ላይ አዲስ ጋቢ ይዟል፣ ለአባቱ። ከተሰበሩት ኪቦርዶች ክምር ላይ አጥፎ አስቀመጠው፤ በዚያ ክፍል ውስጥ ሲገባ ያየሁት አዲስ ነገር እሱ ብቻ ነው። ያኔ እውነቱን ልናገር፣ ስንቴ የናቅሁት ሰው ቢሳካለት ብዬ ጸለይሁ።

ሰኞ ዲስኳን አንጠልጥሎ ሄደ። ሰብለ ወንጌል ለልምምድ የተመደበችው እዚያው ኮሌጅ ነበርና ወሬው ማታ ማታ በራት ላይ ይደርሰኛል። ክምችቱን በሠላሳው ማሽን ላይ ገለበጠው፣ መጋቢውን ጫን አለው፣ ሠላሳውም ሜሞሪ አልቋል አሉ። አንድ ማሽን ቢሆን ማሽኑ ታሟል ይባላል። ሠላሳ ሰው በአንድ ድግስ ላይ ሆዱን ሲያመው ወጡ አይጠረጠርም ወይ? እሱ አልጠረጠረም።

ማክሰኞ ያደረገውን ስሰማ ጉርሻዬ አፌ ላይ ቆመ። ከዐሥራ አምስቱ ማሽኖች የሜሞሪያቸውን ግማሽ እየነቀለ ለዐሥራ አምስቱ ጨመረላቸው። የተጨመረላቸውም ያንኑ አሉ። የተነቀለባቸውማ ለመነሣትም ታከቱ። ግማሹን ክፍል አካለ ስንኩል አድርጎ ዋለ።

ረቡዕ፣ ሰብለ ወንጌል በመስኮቱ በኩል ካለችው ማሽን ላይ ተቀመጠች። መጋቢውን ስታዘው አንዲት ቃል ጨመረችበት፤ ከክምችቱ አትውሰድ፣ ከውጭ አምጣ። ያች ብቻ። መጋቢውም ወጥቶ በኢንተርኔት አዲሱን አመጣና ፕሮግራሙ ተጫነ፣ ተከፈተ፣ ሠራ። ከዚያ የእሱን ፋይል ከአዲሱ ጋር አስተያየችው። ፋይል ከቤቱ ሲወጣ አንድ ረጅም ቁጥር አብሮት ይወጣል አሉ፤ ቁጥሩ ከተለያየ ፋይሉ ያው አይደለም። ተለያየ። ግማሹ የለም። መጠኑ የሚጻፍበት ቦታ ላይ ደግሞ የማይሆን ቁጥር ገብቶበታል። ሦስት መቶ ሰው ይዤ እመጣለሁ ብሎ የላከ እንግዳ ነው በሉት፤ ማሽኑ አምኖ ድንኳን ሲተክል፣ አግዳሚ ሲደረድር ግቢው ይሞላበታል፤ እንግዳው ግን ራሱ እንኳ ሙሉ ሆኖ አልመጣም።

ጠራችው። «መምህር፣ ይቺ ሠራች።»

መጣ፣ አየ፣ ደረቱን ነፋ። «አላልሁም? ሜሞሪ ነው።»

«ይቺ እኮ ሜሞሪዋን ከነቀሉባቸው ናት።»

ጎንበስ ብሎ አየ። እውነቷን ነው። ፊቱ ተለዋወጠ አለችኝ።

«አንዳንዴ እንዲህ ያጋጥማል» አለና ሄደ።

ያን ቀን ከሰዓት በኋላ ደጃፉ ላይ ጠበቅሁት። ዲስኳን በብብቱ ይዞ መጣ። ሰብለ ወንጌል ሁሉን ነግራኛለች፤ እሱም መንገሯን ፊቴ ላይ አየው።

«መብራት የጠፋ ቀን ትዝ ይልሃል?» አልሁት።

«የትኛው ቀን? እዚህ አገር መብራት የማይጠፋበት ቀን አለ ወይ?»

«ጌትነት ክላክስ ሲነፋ። ተካው ስልህ እለፈው ያልህ ቀን።»

ተቀመጠ። የአባቴን ነገር ያን ጊዜ ነገርሁት፤ ወደ መስመር ራስ ስለ መመለሱ፣ ስለ ካራው። «አንዲት ፋይል ፍቀህ መጻፍ ነው። ነገ ጠዋት ሠላሳውን አጽዳና ልጅቱ እንዳደረገችው አድርግ። ማንም አይጠይቅህም» አልሁት።

«ይጠይቁኛል» አለ። «ማሽንህ ድኩም ነው ያልሁት ሁሉ ይጠይቀኛል። ስንቱን ሜሞሪ አስገዛሁት፣ ስንቱን ላፕቶፕ አስቀየርሁት። ዲስኩ ነው የተበላሸው ካልሁ ምን ይሉኛል?»

«ተሳሳተ ይሉሃል። ከዚያ ይረሱሃል።»

«እርስዎ አይገባዎትም እማማ ውዴ። እኔ በዚያ ክረምት ብቻ ነው ሰው የነበርሁት።»

ይህን ሲል ልቆጣው አልቻልሁም። ግን አዘንሁለት ማለት አይደለም። አንዲት የተሰበረች ፋይል ይዞ ሰው ነበርሁ የሚል ሰው ምን ይባላል?

«አባትህ ጋ መሻገር ትፈልጋለህ አትፈልግም?» አልሁት በመጨረሻ።

ጋቢውን አየ። «እሺ» አለ። «ጠዋት አጸዳዋለሁ።»

ሐሙስ ነጠላዬን አጣፍቼ ዋስ ልሆን ሄድሁ። መታወቂያዬን ይዣለሁ፣ የቤቴን ካርታ ይዣለሁ፣ የሞላሁትን የዋስትና ቅጽም። ሰብለ ወንጌልን ኮሪደሩ ላይ አገኘኋት። ፊቷ አመድ መስሏል።

«አላጸዳም እማማ» አለችኝ። «ጠዋት ከሁሉ ቀድሞ ገብቶ ሜሞሪዎቹን ሁሉ ወደየቦታቸው መለሰ። ከዚያ እኔ የሠራሁትን ደመሰሰ። ያችን የመስኮቷን ማሽን እንደገና ከክምችቱ ነው የጫናት።»

«ለምን?»

«ሜሞሪዋ ሙሉ ከሆነማ ከራሱ ክምችት ይሠራል ብሎ። እሱ ትክክል እንደነበር ሊያሳይ።»

«ሠራች?»

«ምን ትሠራለች።»

ገባን። ኮሚቴው አራት ሰው ነው፣ አቶ አምባቸው ፊት ናቸው። ጥዑመ ልሳን ኮት ለብሷል። ማሽኖቹ ተደርድረው ሠላሳ ጊዜ ያንኑ ቃል ያሳያሉ። አቶ አምባቸው መነጽራቸውን ወደ ላይ ገፍተው ከአንዱ ወደ አንዱ ሄዱ፣ አልተቆጡም።

«ትናንት አንዲት ሠርታለች ብለውኝ ነበር። የቷ ናት?»

ጥዑመ ልሳን ኮቱን አስተካከለ።

«ይቺ ነበረች» አለች ሰብለ ወንጌል። «አሁንም ትሠራለች። ዐሥር ደቂቃ ትፈጃለች። መምህር ከፈቀዱ።»

አቶ አምባቸው ወደ እሱ ዞሩ። «ምን ትላለህ ጥዑመ ልሳን? ትሞክረው?»

ሁላችን አየነው። እኔ ከበሩ አጠገብ፣ መታወቂያዬንና ቅጹን በእጄ ይዤ። እሺ ማለት ብቻ ነበረበት። ከዚያ ወዲያ ሠላሳውም ይነሡ ነበር፣ ሥራውም የእሱ ነበር፣ ልጅቱ እንደሆነች ሥራውን አትፈልገውም፣ ገና ተማሪ ናት። እሑድ ጀልባ ነበር። አቶ አምባቸው እንዲያውም በሩን ወለል አድርገው ከፍተውለት ነው የቆሙት።

«በክምችቱ ነው የምንሠራው» አለ ጥዑመ ልሳን። «ማሽኖቻችሁ ናቸው ድኩማን።»

አቶ አምባቸው መነጽራቸውን ወደ ቦታው መለሱ። ከዚያ ወደ እኔ መጡና የዋስትናውን ቅጽ ከእጄ በትሕትና ተቀበሉኝ። «እማማ፣ ለዛሬው አያስፈልግም፤ ደክመውብናል፣ ይቅርታ» አሉኝ። ጥዑመ ልሳን ዲስኳን በነጠላዬ ቅዳጅ ጠቅልሎ፣ በሁለት እጁ ይዞ፣ ማንንም ሳያይ በአጠገቤ አለፈ። ሰብለ ወንጌል ቁጭ ብላ ሠላሳውን ማሽን ማጽዳት ጀመረች። ቀትር ሳይሆን ሁሉም ሠሩ አሉ፤ እኔ አልቆየሁም።

ቤት ስደርስ ዲስኳንና ልብሱን ይዞ ሄዷል። ቁልፉን ሚስማሩ ላይ አንጠልጥሎታል፣ ዲስኳ ተሰቅላበት የነበረችው ሚስማር ላይ። ኪቦርዱን፣ ማውዙን፣ የደረቀውን ሎሚ ሁሉ ለእኔ ትቶልኛል። እነዚያን በጋሪ አስወጣኋቸው፤ ሁለት ምልልስ ፈጀ። ጋቢውን ግን መጣል አልሆነልኝም። እሑድ እኔው በመጀመሪያው ጀልባ ተሻገርሁ።

መሪጌታ ወልደ ገብርኤል ከቤታቸው ደጅ፣ ከቡናው ጥላ ሥር ተቀምጠው ነበር። ዓይናቸው ደክሟል። ጋቢውን በእጃቸው ዳሰሱት።

«ማን ላከው?»

«ልጅዎ።»

«ሥራ ያዘ?»

መዋሸት ይቻል ነበር። «አልያዘም» አልሁ።

አጣጥፈው፣ ጠርዙን ከጠርዙ አስተካክለው፣ መልሰው ጉልበቴ ላይ አስቀመጡት። «እንግዲያው ውሰጂው ውዴ። እኔ ያልሁትን አልለውጥም።» ከውስጥ ሚስታቸው ስታለቅስ ይሰማል። ያንን አንገት የት እንዳየሁት ለማስታወስ ብዙ አላሰብሁም። ያልሁትን አልለውጥም የሚል ሰው ቤት ልጅ አባቱን ሲገለብጥ ኖሯል፤ በመካከሉ የሚያስነብብና የሚፍቅ ሰው ጠፋ። ጋቢውን ይዤ ተመለስሁ። በብርድ ቀን እለብሰዋለሁ፤ ሞቃት ነው።

ሰብለ ወንጌል ተመርቃ ወደ እንጅባራ ሄደች። ክፍሏን አንዲት የባንክ ሠራተኛ ተከራይታዋለች። የመንገድ ዳሯ ክፍል ዛሬ የልብስ ስፌት ቤት ናት፤ ሚስማሩ ላይ መቀስ ይሰቀልበታል።

ባለፈው ጥር ጌትነት ሊጠይቀኝ ጎራ አለ። እንደ ነገረኝ፣ አውቶቡሱ ጎንደር መንገድ ላይ፣ ማክሰኝት ከተማ ውስጥ ጎማ ተንፍሶበት እስኪቀየር ድረስ ወረቀት ኮፒ ሊያስደርግ አንዲት ቤት ገባ፤ ባለቤቱ ጥዑመ ልሳን ሆኖ አገኘው።

«ምን ይመስላል?» አልሁት።

«ያው ነው። ከስቷል። ስልክም ይጠግናል።»

«ስለ እኔ ጠየቀ?»

«ጠየቀ። ጤናዎን ጠየቀ።»

«ዲስኳስ?»

ጌትነት ሳቀ። «ከጀርባው ተሰቅላለች፣ በነጠላ ተጠቅልላ። አንዱ የሰፈሩ ልጅ ላፕቶፕ ይዞ መጥቶ ሜሞሪ አልቋል ይለኛል ሲለው ሰማሁ።»

«ምን አለው?»

«ጨምርበት አለው።»

ከዚያ ወዲህ ያየው የለም። ጥዑመ ልሳን ለመጨረሻ ጊዜ የታየው ባለፈው ጥር፣ ማክሰኝት ውስጥ፣ ከዋናው መንገድ ዳር ካለች የፎቶ ኮፒና የስልክ ጥገና ቤት ነው።